ከአርሲ ነገሌ ወደ ደብረ ጽዮን



በዚህ ዘመን ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደ ሕንድ አገር ይጓዛሉ። አንዱ ሕመሙን ለመታከም፣ አንዱ ትምህርት ለመቅሰም፣ ሌላውም ለንግድ ይሄዳል። ሲመለሱ ግን አብዝተው የሚያወሩት ስለ ሐኪሙ ወይም ስለ ሸቀጡ ሳይሆን ስለ ሕዝቡ አምልኮ ነው። በጋንጅስ ወንዝ ዳር የድንጋዩን ደረጃ ወርዶ ጎሕ ሲቀድ ስለሚታጠበው ሕዝብ፣ ጫማውን በደጅ አውልቆ ወደ ቤተ ጣዖቱ ስለሚገባው የቀን ሠራተኛ፣ አሽራም በሚባለው የጽሞና ቤት ውስጥ ሱቁን ዘግቶ ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎ ስለሚቀመጠው ነጋዴ በአድናቆት ይናገራሉ። ያላቸውን አክብሮት መንቀፍ አይገባም፤ ሰው በባዕድ አገር ያየውን ትጋት ማድነቁ የቅን ልብ ምልክት ነውና።

ይሁን እንጂ ከነዚሁ ተጓዦች መካከል ተወልደው ባደጉበት አውራጃ፣ ከቤታቸው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ያለውን ገዳም በዓይናቸው ያላዩ ብዙዎች ናቸው። ባሕር ተሻግረው የሰውን ቤተ መቅደስ ሲጎበኙ የአባቶቻቸው ቤተ መቅደስ በሐይቅ መካከል ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እኛም በአርሲ ነገሌ የምንገኝ የአንድ ጽዋ ማኅበር አባላት ይህን ነገር በመመካከር፣ በኅዳር ወር የጽዮን ማርያም በዓል ዋዜማ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ወዳለው ደብረ ጽዮን ለመሳለም ተነሣን። የዚህም ጽሑፍ አሳብ ያየነውንና የሰማነውን ለቤተሰብ ሁሉ ማካፈል፣ ደግሞም ሰው ወደ ተቀደሰ ስፍራ ሲሄድ እንዴት ሊሄድ እንደሚገባው መመርመር ነው።

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ከታች ያለው ስምጥ ሸለቆ በሐሩር ሲጤስ እርሷ ነፋሻ ናት። በስተምሥራቋ የሙኔሳ ደን ይገኛል፤ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ደግሞ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ የሚባሉት ሦስት ሐይቆች ተዘርግተው ይታያሉ። ስንዴና በቆሎ በደንብ ይበቅልባታል። በአረቄ ማውጣት ሥራም ስሟ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ከጢስ ጋር እየታገሉ በዚያ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉና ያስተማሩ እናቶች በየመንደሩ አሉ። ከእኛም ጋር ከተጓዙት እናቶች ሁለቱ ከነዚህ ወገን ነበሩ።

በቁጥር አሥራ አራት ሆነን ቅጥቅጥ በሚባለው አነስተኛ አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። የነቢያት ጾም ከገባ ስድስተኛ ቀን ስለ ነበር ስንቃችን ቆሎ፣ በሶና ደረቅ ዳቦ ነው። ከመካከላችን በሕንድ አገር ለአራት ዓመት ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ አንድ ወጣት ነበር። ይህ ወጣት ያየውን ሁሉ በጥሞና የሚመለከት፣ የተጠየቀውንም በትሕትና የሚመልስ ስለ ነበር በመንገዱ ሁሉ ጨዋታችን ከርሱ ጋር ሆነ።

ከከተማው ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፀሐይ በላንጋኖ ላይ ትወጣለች። እነዚህ ሐይቆች ጎረቤታሞች ሲሆኑ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ላንጋኖ ውኃው ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው፤ አብያታ ደግሞ ጥልቀት የሌለውና ጨዋማ ነው። ቀድሞ በሻላ ደሴቶች ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ፔሊካን የሚባሉት ታላላቅ ወፎች ዓሣ ለማጥመድ ወደ አብያታ ይበሩ ነበር። ዛሬ አብያታ እጅግ ሸሽቷል። ቀድሞ ውኃ የነበረበት ሜዳ ነጭ አፈር ሆኖ ነፋስ ያቦነዋል፤ ዓሣውም ስለ ጠፋ ወፎቹ ምግባቸውን በሌላ ስፍራ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

የዚህን ምክንያት ማወቅ ለሚቀጥለው ነገራችን ይጠቅማል። ከጉራጌ ተራሮች የሚመጣው የመቂ ወንዝና ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የቀጠር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይፈስሳል። እንግዲህ በላይ ያለው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ከአብያታ ውኃ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲሳብ፣ በመጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሐይቅ ይጎድላል። አብያታ የዝዋይ ትርፍ የሚደርሰው ድኻ ዘመድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ድኻው ዘመድ ሲራብ ደግሞ የባለጠጋውም ጎተራ መጉደሉን ማወቅ ይገባል።

ቡልቡላንና አዳሚ ቱሉን አልፈን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ፣ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ደረስን። ወደ ሐይቁ ከመውረዳችንም አስቀድመን ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳምን ተሳለምን። ይህ ስፍራ በደርግ ዘመን ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ሳሉ ካህናትን ያሠለጠኑበት፣ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናትም ያሳደጉበት ነው። ብፁዕነታቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ጽፈው በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙ ሊቅ ነበሩ። ሃይማኖት እንደ ኋላ ቀርነት በሚቆጠርበት በዚያ ጊዜ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችን በክረምት ወራት እየሰበሰቡ አስተማሩ። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐርፈዋል፤ የተከሉት ግን አልደረቀም።

ያ ከሕንድ የመጣው ወጣት በዚህ ስፍራ ቆም ብሎ፣ “በሕንድ አሽራም የሚሉት ነገር በመልኩ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ መምህር አለ፣ የጸሎት ሰዓት አለ፣ ሁሉም የሚሠራው የእጅ ሥራ አለ፤” አለን። ከእናቶች አንደኛዋ፣ “ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው ልጄ?” ሲሉ ጠየቁት። እርሱም ጥቂት አስቦ፣ “እማማ፣ እዚያ ሰው የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ፍለጋ ነው፤ እዚህ ግን ልጆች ያድጋሉ፣ ካህናትም ተምረው ወደ ገጠር አጥቢያ ይላካሉ፤” ሲል መለሰላቸው። ሱባዔ ከሰው ለመሸሽ የሚገቡበት እንዳይደለ፣ ይልቁንም ሰውን ለማገልገል ኃይል የሚቀበሉበት እንደ ሆነ በዚህ መልስ ውስጥ ይገኛል።

ከዚያም ወደ ሐይቁ ወረድን። ዝዋይ በኦሮምኛ ሐረ ደንበል ይባላል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው እንደ ጎረቤቶቹ ጨዋማ ስላልሆነ ከተማው ይጠጣዋል፣ ገበሬው ያጠጣበታል፣ ዓሣ አጥማጁም ይኖርበታል። በዳርቻው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቀ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ቆሞ ይታያል፤ ጉማሬም በደንገሉ ውስጥ ያጉረመርማል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ነፋስ ቶሎ ማዕበል ያስነሣልና ጀልባው በማለዳ ጸጥታ ሊነሣ ይገባል። ጀልባችንን የሚነዳው ሙስሊም ወንድማችን ተሳላሚ መሆናችንን ባወቀ ጊዜ፣ “እንግዲያውስ ቶሎ እንሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ጠባዩ ይለወጣል፤” ብሎ እናቶችን እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው።

በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፣ ገሊላ፣ ደብረ ሲና፣ ጸደቻና ፉንዱሮ ይባላሉ። አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ስሞች ልብ ብለህ ተመልከታቸው። ትልቁ ደሴት በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ፣ ይኸውም ታላቁ ተራራ ይባላል፤ በላዩ ያለው ገዳም ግን ደብረ ጽዮን ነው። በአጠገቡ ገሊላ አለ፤ እልፍ ሲል ደብረ ሲና አለ። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ያልተቻላቸው አባቶች ቅድስቲቱን አገር በሐይቃቸው ላይ አሰፈሯት። ከደሴት ወደ ደሴት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ ከሲና ተነሥቶ በገሊላ በኩል ወደ ጽዮን ይሄዳል ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ቱሉ ጉዶ ደረስን። ደሴቱ ከውኃው ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ነው። በገደሉ ላይ የዛይ ገበሬዎች በድንጋይ ካብ የሠሩት እርከን እንደ ደረጃ ተደርድሮ ይታያል፤ አንዲት ቁና አፈር እንኳ በከንቱ ወደ ሐይቁ እንዳትሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። የዛይ ሕዝብ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የራሱም ቋንቋ አለው። ከዚህም ሌላ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል።

ስለ ደብረ ጽዮን ጥንት የሚነገረው ትውፊት ይህ ነው። ዮዲት ጉዲት በአክሱም ላይ በተነሣችና አብያተ ክርስቲያናትን ባቃጠለች ጊዜ፣ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ከብዙም መንከራተት በኋላ ከዚህ ደሴት ደርሰው ሰባ ዓመት ተቀመጡ። አገር ሲረጋ ታቦቱ ወደ አክሱም ተመለሰ፤ ከካህናቱ አንዳንዶቹ ግን ከነመጻሕፍታቸው በዚሁ ቀሩ። ይህን የደሴቱ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙት ያለ ማመንታት ይተርኩታል።

የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ የዛይ ቋንቋ ከስልጢኛና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር በቅርብ እንደሚዛመድ ያስረዳሉ። ይህ ማለት የሕዝቡ ዋና ግንድ በዚሁ በደቡብና በምሥራቅ ከሚኖሩት ሴማውያን ነው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ትውፊቱ የፈረሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለቱ የግድ አይጣሉም። ስደተኛ ካህናት ወደ አንድ አገር ሲመጡ በቁጥር ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያስጠጋቸው የአገሩ ሕዝብ ግን ብዙ ነው። ልጅ የሚያፈውም በአሳዳጊው ቋንቋ ነው። የደሴቱ ሽማግሌዎች ራሳቸው ወደዚህ የመጡት አባቶች ከአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆኑ፣ ከአንድ ዘመንም በላይ በሆነ ጊዜ ተራ በተራ እንደ መጡ ይናገራሉ። ደሴት የስደተኛ ሁሉ ቤት ነበረችና።

የበለጠ የሚያስደንቀው የኋለኛው ታሪክ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገሩን ካናወጠው በኋላ፣ ከዚያም የሕዝብ ፍልሰት የስምጥ ሸለቆውን አሰፋፈር ከለወጠ በኋላ፣ እነዚህ ደሴቶች ከደጋው ክርስቲያን መንግሥት ተለይተው ከ300 ዓመት በላይ ቆዩ። መገናኘት የቻሉት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አርሲን ከያዘ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ለቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር፤ ያለ ጳጳስ እጅ ደግሞ ዲያቆንም ቄስም አይሾምም። ከደጋው የተቆረጠ ደሴተኛ ልጁን ወዴት ወስዶ ያስክን? እንግዲህ የብራና መጻሕፍቱን ከእሳት፣ ከእርጥበትና ከምስጥ እየጠበቁ ከልጅ ወደ ልጅ ያስተላለፉት አባቶች ብዙ ጊዜ የሚያነብላቸው ሳይኖር የጠበቁ መሆን አለባቸው። ያልተረዱትን ቃል የጠበቁት አንድ ቀን የሚረዳው ይመጣል በሚል ተስፋ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን፣ መባችንን አስረክበን በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጥን ጊዜ፣ አንድ የሸመገሉ ካህን ወደ እኛ መጥተው ባረኩን። ከየት እንደ መጣን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ያም ወጣት ከሕንድ መምጣቱን በሰሙ ጊዜ፣ “ልጄ፣ በዚያ አገር እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጉለታል?” አሉት።

“አባቴ፣ አምሪትሳር በምትባል ከተማ ሲክ የሚባሉት ሰዎች የወርቅ ቅብ ያለው ታላቅ መቅደስ አላቸው፤” አለ። “የሚገባው ሁሉ ጫማውን ያወልቃል፣ ራሱን ይሸፍናል፣ እግሩን ይታጠባል። ከዚያም ሃብታምና ድኻ፣ የነርሱም ሃይማኖት ያልሆነ እንግዳ ሳይቀር፣ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ያለ ዋጋ ይበላል። በየቀኑ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው ይመገባል። ሳህኑን የሚያጥቡት በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከነርሱም መካከል ዳኛና የጦር መኮንን አይቻለሁ።”

“መልካም ነው፤” አሉ ካህኑ። “የኛስ ወገን የሆነ ክርስቲያን አላገኘህም?”

“አገኘሁ እንጂ አባቴ! በኬረላ አገር ሐዋርያው ቶማስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ52 ዓመተ ምሕረት መጥቶ አስተምሮናል የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ። ከነርሱም መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክሶች በሃይማኖት ከኛ ጋር አንድ ናቸው። ጫማ አውልቀው ይገባሉ፤ ወንዱና ሴቱ በየወገኑ ይቆማል፤ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ጥንት ቅዳሴያቸው በሱርስት ቋንቋ ነበር፤ አሁን ግን ማላያላም በሚባለው በአገራቸው ቋንቋ ይቀድሳሉ። ቋንቋውን ሳላውቀው ቅዳሴው ወዴት እንደ ደረሰ ከካህኑ እንቅስቃሴ ዐወቅሁ፤ ከቤቴ የራቅሁ አልመሰለኝም።”

እዚህ ላይ እኔም የማስታውሰውን ጨመርሁበት። በጥር 1957 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ፣ የሕንዱ ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውጌን ከመካከላቸው ነበሩ። በየትምህርት ቤቱ ከኬረላ የመጡ መምህራን ማስተማራቸውን ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎች ያስታውሳሉ። ከነርሱም አንዱ የሆኑት ፖል ቨርጊስ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በመምህርነት መጥተው አማርኛ ተምረዋል፤ በኋላም ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ አገልግለዋል። ወደ አገራቸው ከሄዱ በኋላም ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተብለው የዴልሂ ሜትሮፖሊታን ሆነዋል። እንግዲህ ወደ ሕንድ የሚሄድ ኦርቶዶክሳዊ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ቢፈልግ ዘመድ ያገኛል።

ካህኑ ሁሉን ካዳመጡ በኋላ፣ “ከእናንተ መካከል ግዕዝ የሚያነብ አለ?” ብለው ጠየቁ። ወጣቱ አንገቱን ደፋ፤ ሌሎቹም ዝም አሉ። በመጨረሻ ከእናቶች በዕድሜ የገፉት፣ “አባቴ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን አባቴ በልጅነቴ በቃሌ አስጠንተውኛል፤” አሉ። ካህኑም “ይበሉ እስቲ” አሏቸው። እኒያ በአረቄ ጢስ ዓይናቸው የቀላ እናት ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የዕለቱን ድርሰት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ በግዕዝ አደረሱት። ያ ከሕንድ የመጣው ወጣት ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ካህኑም እንዲህ አሉን፤ “ልጆቼ፣ መጻሕፍቱን አባቶቻችን በጦርነት ጊዜ ጠብቀው አስረከቡን። አሁን ጦርነት የለብንም፤ ነገር ግን ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ማዶ ይሻገራል። ዓሣው ቀነሰ፤ መሬቱም ጠባብ ነው፤ አልፈርድበትም። ማዶ የተወለደው ልጅ የዛይን ቋንቋ አይናገርም፤ ግዕዙንም አይማርም። ተሳላሚ ይመጣል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። መጽሐፉን አስወጡልን ይላል፣ ያነሣዋል፣ በስልኩ ፎቶግራፉን ይዞ ይሄዳል። እኔ የምጸልየው አንድ ቀን ከሚመጡት ልጆች አንዱ፣ ‘አባቴ፣ ያንብቡልኝና ልማር’ እንዲለኝ ነው።”

ክቡራን አንባቢያን፣ የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ በነዚህ ቃላት ውስጥ ይመስለኛል። መጽሐፍ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው መንገድ እሳትና ዘረፋ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው መንገድ አንባቢ ማጣት ነው፤ ይህ ግን ጢስ ስለሌለው አይታይም። ሦስት መቶ ዓመት በክፉ ዘመን የጸና ነገር በአንድ ትውልድ ቸልተኝነት ሊጠፋ ይችላል። አብያታም እንዲሁ ነው፤ የሸሸው ማንም ጠላት ዘምቶበት ሳይሆን እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ከላይ ስለ ጠለፈበት ነው። ዝዋይም ዛሬ በዙሪያው የአበባና የአትክልት እርሻ በዝቶበታል፤ የሰው አጠቃቀም ልክ ካላገኘ የጎረቤቱ ዕጣ አይደርሰውም ብሎ የሚናገር ማን ነው? ውኃው ከሸሸ ደሴት ደሴትነቱ ይቀራል፤ ገዳሙን በክፉ ቀን የጠበቀው ግንብ ይኸው ውኃ ነበር።

ታዲያ ተሳላሚ ምን ያድርግ? ያየነውን መሠረት አድርገን ለቤተሰብ የሚጠቅመውን በአጭሩ እንናገር።

አስቀድሞ፣ ጉዞ ከቤት ይጀመራል። ወደ ደሴት ከመሄድ በፊት አባት ወይም እናት ለልጆቻቸው የስፍራውን ታሪክ ይንገሩ፤ ልጁ ሲደርስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኑረው። ለመባ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና ንጹሕ ስንዴ መያዝ የአባቶች ልማድ ነው፤ በደሴት ላይ ሁሉ ነገር በጀልባ ስለሚመጣ ዋጋው ዕጥፍ ነውና ይህ ስጦታ እጅግ ይጠቅማል። ስንቅን ይዞ መሄድ፣ የያዙትንም ከደሴቱ ሕፃናት ጋር መካፈል ይገባል። የፕላስቲክ ጠርሙስና ከረጢት በሐይቁ ላይ መጣል ግን የገዳሙን አጥር እንደ ማፍረስ ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ ጊዜ መስጠት ነው። ጠዋት ሄዶ ቀትር ላይ የሚመለስ ሰው ያየው ተራራና ውኃ ነው። ከተቻለ አንድ ሌሊት አድሮ ሰዓታቱን መስማት፣ ማኅሌቱንም መቆም፣ ቀን ደግሞ ከሽማግሌዎች እግር ሥር መቀመጥ ይሻላል። ጀልባውም የተፈቀደለትንና የተንሳፋፊ ጃኬት ያለውን መምረጥ፣ ከልክም በላይ አለመጫን ያስፈልጋል፤ ስለት የሚሰማ አምላክ ጥንቃቄንም ይወዳል።

ሦስተኛ፣ ስለ ንዋየ ቅድሳት ነው። የብራና መጽሐፍ በእጅ ላብና በኃይለኛ ብርሃን ይጎዳል። ካህኑ ካልፈቀዱ ይውጣልኝ አይባልም፤ በፎቶግራፍ መብራትም አይነሣም። ማንም ሰው በማዶ ከተማ አሮጌ ብራና ወይም መስቀል ሊሸጥ ቢያቀርብ መግዛት ኃጢአትም ወንጀልም ነው፤ ገዢ ባይኖር ሌባ አይኖርምና።

አራተኛ፣ ወደ ሕንድም ሆነ ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ ወገኖች የምንለው አለ። የሰውን መቅደስ በክብር ተመልከቱ፤ ጫማ አውልቁ ሲባል አውልቁ፣ አትግቡ በተባለበትም አትግቡ። በኦሪሳ አገር በፑሪ ከተማ ያለውን የጃጋናት መቅደስ የመሰሉ ለሌላ ሃይማኖት ሰው የማይከፈቱ አሉ፤ የኛም መቅደስ ለሁሉ የማይከፈት ነውና ይህን መረዳት አያስቸግረንም። መሥዋዕታቸውን አትካፈሉ፤ ትጋታቸውን ግን ተማሩ። ሳህን ያጠበው ዳኛ ለኛ ባለሥልጣን ትምህርት ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ ከጉዞ በኋላ ያለው ነው። እኛ ወደ አርሲ ነገሌ በተመለስን በሳምንቱ የማኅበራችን አባላት ተሰብስበው ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛው፣ በየዓመቱ ለደብረ ጽዮን ከሚሰበሰበው መባ ጋር ለአንድ የአብነት ተማሪ ቀለብ እንዲታሰብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆችን ሰብስቦ ግዕዝ ማስነበብ ነው። መምህሩ የአጥቢያችን መሪጌታ ናቸው። ውዳሴ ማርያምን በቃል የሚያስጠኑት ግን እኒያ ፊደል ያልቆጠሩት እናት ሆኑ፤ ከተማሪዎቻቸውም አንዱ ያ ከሕንድ የተመለሰው ወጣት ነው። እርሳቸው በቃል ይነግሩታል፣ እርሱም ከመጽሐፉ ላይ እየተከተለ ፊደሉን ያሳያቸዋል። እስካሁን እርሱ የሰኞውንና የማክሰኞውን አድርሷል፤ እርሳቸውም ስማቸውን መጻፍ ችለዋል።

አንባቢ ሆይ፣ በየአውራጃህ ደብር አለ፤ በየደብሩም የሚጠብቅ መጽሐፍና የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ። መጽሐፉ ይቆይ ይሆናል፤ ሽማግሌው ግን ብዙ አይቆይም። ስለዚህ መንገዱ ቅርብ ሳለ፣ ውኃውም ሳይሸሽ፣ ልጅህን ይዘህ ተነሣ።